ከችሎት እስከ ምክር ቤቱ በር

ባለፈው ሴሚስተር የሕገ መንግሥት መምህራችን የዕለቱን ትምህርት ከመጀመራቸው በፊት «ስትመረቁ ምን መሆን ነው የምታስቡት?» ብለው እጅ አስወጡን። ለጠበቃ ከግማሽ በላይ እጅ ወጣ። ለዐቃቤ ሕግ ጥቂት፣ ለዳኝነት አራት፣ ባንክ ውስጥ በሕግ ክፍል ለመቀጠር ደግሞ (ደመወዙ ጥሩ ነው ይባላል) ዘጠኝ። «ሕግ አውጪ መሆን የሚፈልግስ?» ሲሉ ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከኋላዬ የተቀመጠው ጓደኛዬ «ቲቸር፣ ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ ነው!» አለና ሳቁ ባሰ። መምህራችን ግን አልሳቁም። «እንግዲያው የምትከራከሩበትን ሕግ ማን እንዲጽፍላችሁ ነው?» አሉና ወደ ትምህርታቸው ገቡ።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እኔን ግን አጠና ተራ ታክሲ ተሰልፌ ስጠብቅም፣ ማታ ቤት ገብቼም አልለቀቀኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ አንቀጽ ስንሸመድድ «ሕግ አውጪው ምን ማለቱ ነው?» እየተባባልን ስንጨቃጨቅ ከርመናል። ለእኛ ሕግ አውጪው ሰው አይደለም፤ እንደ ዝናብ ከላይ የሚወርድ ነገር ነው። በዚህ ጽሑፍ የአንዲት የሕግ ባለሙያን የሥራ ዘመን ይዤ ጓደኞቼን ልሞግት አስቤአለሁ። እርሳቸውም ወ/ሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ናቸው። «ይኸው ፖለቲካ ሊያወራን ነው» ብላችሁ ገጹን እንዳትገለብጡት አደራ። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በፓርቲ መሪነታቸው፣ በእስራቸው ወይም በምርጫ ቦርድ ሰብሳቢነታቸው ነው። እኔ ግን ታሪካቸውን እንደ አንድ የሕግ ሰው የሥራ ታሪክ ማንበብ ነው የፈለግሁት። እንደዚያ ሲነበብ ለእኛ የሚነግረን ነገር አለው።

ነገሩ የሚጀምረው ከችሎት ነው። ብርቱካን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቀው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኑ። 1993 ዓ.ም. ሕወሓት ለሁለት የተሰነጠቀበት ዓመት ነው። ከተሸነፈው ወገን የነበሩት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ተያዙና የዋስትና ጥያቄ አቀረቡ። ጉዳዩ የደረሰው ዳኛ ብርቱካን ዘንድ ነበር። እርሳቸውም መርምረው በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። አቶ ስዬ ገና ከችሎት እንደወጡ ፖሊስ መልሶ ያዛቸው።

እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ሁላችንም በፈተና የተጠየቅነው ነገር ነውና። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 63 ላይ፣ ወንጀሉ በሞት ወይም በ15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ካልሆነ (የተጎዳውም ሰው የሚሞት ካልሆነ) ተጠርጣሪው በዋስ ሊለቀቅ እንደሚችል ይደነግጋል። አንቀጽ 67 ደግሞ ዋስትና የሚከለከልበትን ይነግረናል፤ ሰውየው የዋስትናውን ግዴታ የማይፈጽም፣ ሌላ ወንጀል የሚሠራ፣ ምስክር የሚያባብል ወይም ማስረጃ የሚያጠፋ መስሎ ከታየ ማለት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 6ም የተያዙ ሰዎች በዋስ የመፈታት መብት እንዳላቸው ይናገርና በሕግ በተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች ፍርድ ቤት ዋስትና ላለመቀበል እንደሚችል ይጨምራል። ልብ በሉ፣ ሰውየውን አይቶ፣ ሁኔታውን መዝኖ የሚወስነው ዳኛው ነው። ዳኛ ብርቱካን ያደረጉትም ይህንኑ ነው። ልክ ነበሩ አልነበሩም ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ቅር ያለው ወገን ይግባኝ ይል ነበር።

የመጣው ግን ሌላ ነው። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር አዋጅ ቁጥር 239/1993 ወጣ። ይህ አዋጅ ጥቂት ጊዜ ብቻ የቆየውን የፀረ ሙስና ልዩ የሥነ ሥርዓትና የማስረጃ ሕግ አሻሽሎ በሙስና ተጠርጥሮ የተያዘ ሰው በዋስ አይለቀቅም አለ። ከዚያ በኋላ ዳኛ ምን ያመዛዝናል? ምንም። አገራችን «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል» የሚባልባት አገር ናት። በ1993 ዓ.ም. ውኃው አልቆመም፤ ቦዩ ነው የተቀየረው።

ለአዋጁ የሚቀርበውን መከራከሪያ አላናንቅም። ባለሥልጣን የነበረ ሰው ውጭ ሆኖ ሰነድ ሊያሸሽ፣ የበታቾቹን ሊያስፈራራ ይችላል። ሙስና ድሃን የሚበላ ወንጀል ነው፤ እኛ ሠፈር ቀበሌ ቤት ጠብቆ ያረጀ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ግን ለዚህ ስጋት እኮ አንቀጽ 67 ነበረ! ሕጉ ያጣው መሣሪያ አልነበረም። የተወሰደው የዳኛው ማመዛዘን ነው። ምክር ቤቱ ራሱም ቢሆን በ1997 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 434/1997 ነገሩን አላላውና ክልከላውን ከአሥር ዓመት በላይ በሚያስቀጡ የሙስና ወንጀሎች ላይ ወሰነው። እስከዚያ ድረስ አራት ዓመት አልፏል። አቶ ስዬ ከእስር የወጡት በ1999 ዓ.ም. ነው።

እኔ ከዚህ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው። ዳኛ የቱንም ያህል ደፋርና አዋቂ ቢሆን ሥራው ሌላ ቤት ውስጥ በተጻፈ ወረቀት ላይ የቆመ ነው። ወረቀቱን የሚቀይረው ሰው በአንድ ቀን ስብሰባ የዳኛውን የዓመታት ድካም ዋጋ ሊያሳጣው ይችላል። ክፍላችን ውስጥ ለጠበቃነት የወጡት እጆች ሁሉ የሚከራከሩት እዚያ ቤት በተጻፈው ነው።

ይህን ነገር ቀድሞ በቅጡ ያሳየ ሌላ የሕግ ሰው አለ፤ እርሱን ለመጥቀስ ደግሞ ከሠፈራችን መራቅ አያስፈልግም። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. (1962 እ.ኤ.አ.) እዚሁ ኮልፌ፣ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ውስጥ ነው የወታደር ሥልጠና የወሰዱት። አዛዡ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ነበሩ። ሥልጠናው ለስድስት ወር ቢታሰብም ሁለት ወር ያህል እንደቆዩ ድርጅታቸው ጠራቸው። (ከላይ የጠቀስኩት የሥነ ሥርዓት ሕግ የወጣውም በዚያው በ1954 ዓ.ም. መሆኑ ይገርመኛል፤ እኛ የዋስትናን አንቀጽ ስናውጅ የጆሃንስበርጉ ጠበቃ ኮልፌ ተኩስ ይማራል።) አገራቸው እንደተመለሱ ብዙም ሳይቆዩ ተያዙ። ከክሶቹ አንዱ ያለ ጉዞ ሰነድ ከአገር መውጣት ነበር፤ ኮልፌን ያዩበት ያ ጉዞ ማለት ነው። ታዲያ ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ጠበቃው ማንዴላ ያነሡት ዋና ነጥብ ስለ ፓስፖርት አልነበረም። እኔና ወገኖቼ ውክልና በሌለንበት ፓርላማ የወጣ ሕግ በሕግም በሞራልም አያስገድደኝም የሚል ነበር። ችሎቱ ይህን አልተቀበለም፤ ሊቀበልም አይችልም ነበር። መልሱ የተገኘው ከ32 ዓመት በኋላ ሁሉም ዜጋ መርጦ ያቆመው የደቡብ አፍሪካ ምክር ቤት ግንቦት 1 ቀን 1986 ዓ.ም. ማንዴላን ፕሬዚዳንት አድርጎ ሲመርጥ ነው። የካምፑን ታሪክ የሠፈራችን ልጆች ሁሉ ይናገሩታል፤ ስለ ሽጉጡ ነው ግን የሚያወሩት። የሕግ ክርክሩን የሚያነሣ አልሰማሁም።

ወደ ብርቱካን ልመለስ። ከዳኝነት ወንበር ከወረዱ በኋላ በጥብቅና ሠሩ። ከዚያም እነ ፕ/ር መስፍን ወልደማርያምና ዶ/ር ብርሃኑ ነጋ ያሉበትን የቀስተ ደመና ፓርቲ ተቀላቀሉ፤ ፓርቲው ከሌሎች ሦስት ጋር ቅንጅትን ሲመሠርት በምክትል ሊቀመንበርነት ከመሪዎቹ አንዷ ሆኑ። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተመረጡ። በሥራ ታሪክነቱ ስንመለከተው የሚደንቅ መስመር ነው፤ ትእዛዛቸውን ዋጋ ያሳጣ ሕግ የወጣበትን ቤት ወንበር በአራት ዓመት ውስጥ በሕዝብ ድምፅ አገኙት። ይህ ነው እንግዲህ እኔ ከጠበቃነት ወደ ሕግ አውጪነት መሸጋገር የምለው። ከሙያ ወጥቶ ፖለቲካ ውስጥ መግባት ብዬ አላየውም፤ የያዙትን ክርክር ወደሚወሰንበት ቤት ይዞ መሄድ ነው።

ግን አልተቀመጡበትም። ቅንጅት በአዲስ አበባ የነበሩትን 23ቱንም የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች፣ በከተማው ምክር ቤት ደግሞ ከ138ቱ 137ቱን አሸንፎ ነበር። በውጤቱ አጠቃላይ ቆጠራ ላይ ጠብ ተነሣ፤ ሰው ሞተ፤ ፓርቲውም በብዙ ክርክር ምክር ቤት ላለመግባት ወሰነ። ጥቂቶች ገቡ፣ አብዛኞቹ ቀሩ። ምክር ቤቱ ያልገቡትን አባላት ያለመከሰስ መብት አነሣ፤ በጥቅምት 1998 ዓ.ም. መሪዎቹ ታሰሩ። አዲስ አበባም ኮልፌን ጨምሮ የመረጠችው ምክር ቤት ሥራ ሳይጀምር በባላደራ አስተዳደር ስትመራ ቆየች።

«ቢገቡ ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር?» የሚለው ጥያቄ በሠፈራችን ቡና ላይ እስከ ዛሬ ይነሣል። አባቶቻችን ሁለት ቦታ ይከፈላሉ። እኔ በዕድሜ የማልደርስበት ነገር ስለሆነ ማፈር ነበረብኝ፤ ግን ሐሳቤን ልናገር። መግባት ነበረባቸው ባይ ነኝ። ለጥንቃቄ ያህል፣ የተጭበረበረ ድምፅ አልነበረም እያልኩ አይደለም፤ የሞተው ሰው ደምም አይረሳም። እኔ የምናገረው ከሕግ ሙያ አንጻር ብቻ ነው። ጠበቃ የተሸነፈበትን መዝገብ ተበሳጭቶ አይጥልም፤ ይግባኝ ይላል፣ ቢያንስ ተቃውሞው በመዝገብ እንዲሰፍር ያደርጋል። በምክር ቤት የሚነገር የአናሳው ወገን ንግግር በቃለ ጉባኤ ይቀመጣል። ከመቶ በላይ ወንበር የያዘ ተቃዋሚ፣ በውስጡ ዳኛና ጠበቃ ያለበት፣ አንድ ረቂቅ አዋጅ ላይ ቆሞ «ይህ አንቀጽ ከአንቀጽ 19 ጋር እንዴት ይታረቃል?» ብሎ ቢጠይቅ ድምፁ ባያሸንፍ እንኳ እኛ ዛሬ የምናነበው ክርክር በኖረን። አሁን ያለን ባዶ ወንበር ነው። በዚህ የማይስማሙ መምህራን እንዳሉ አውቃለሁ፤ በሚቀጥለው ዕትም መልስ ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ታሪክ ሁሉም ስለሚያውቀው አሳጥረዋለሁ። በሐምሌ 1999 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው፤ በዚያው ወር በይቅርታ ወጡ። በ2000 ዓ.ም. የአንድነት ፓርቲ ሊቀመንበር ሆኑ። በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ይቅርታው ስለተሰጠበት መንገድ በውጭ አገር በተናገሩት የተነሣ ይቅርታው ተሰርዞ ወደ ቃሊቲ ተመለሱ። ያኔ «ቃሌ» ብለው ያወጡት ጽሑፍ ለሕግ ተማሪ መነበብ ያለበት ይመስለኛል፤ ስለ ይቅርታ ሕግ የተጻፈ መከራከሪያ ነውና። ቃሊቲ ሳሉ አንድ ሰው ፓርቲያቸውን ተቀላቀሉ። ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? በዋስ ይለቀቁ ያሏቸው አቶ ስዬ አብርሃ! ልብ ወለድ ቢሆን ኖሮ ደራሲው አጋነነ እንል ነበር።

መስከረም 26 ቀን 2003 ዓ.ም. ተፈቱና ወደ አሜሪካ ሄደው ሐርቫርድ ተማሩ። በ2011 ዓ.ም. ተመልሰው መጡ፤ ኅዳር 13 ቀን ያው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ አድርጎ ሾማቸው። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. የተደረገውን ምርጫ መሩ፤ በሰኔ 2015 ዓ.ም. የጤናቸውን ሁኔታ ጠቅሰው ሥራቸውን እንደሚለቁ አሳወቁ። ያ ምርጫ በትግራይ አልተደረገም፤ ገዢው ብልጽግና ፓርቲም አብዛኛውን ወንበር ወሰደ፤ ስለዚህ የሚተች አልጠፋም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ሕግ አውጪ ሆነው የተመረጡ ሰው በመጨረሻ ያገኙት ሥራ ሌሎች ሕግ አውጪዎች የሚመረጡበትን ምርጫ ማስፈጸም ሆነ። በሩን ለሌላው ከፈቱ እንጂ እርሳቸው አልገቡበትም። እንዲያ ያለ አእምሮ አንድም ቀን በምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ ረቂቅ አዋጅ ሳይመረምር ቀረ። ይህን ኪሳራ የሚቆጥርልን ማን ነው?

በሌላ አገር መንገዱ ይህን ያህል ገደል የለውም። ባራክ ኦባማ የሕግ ባለሙያ ነበሩ፤ በ1997 እ.ኤ.አ. የኢሊኖይ ክፍለ ግዛት ሴኔት ገቡ፣ ሰባት ዓመት እዚያ ሕግ ሲያወጡ ከረሙ። የእኛው ወገን የሆኑት ግርማይ ዛሂላይ፣ ከኢትዮጵያ ከተሰደዱ ወላጆች ሱዳን ውስጥ የተወለዱ፣ በሲያትል ጠበቃ ነበሩ፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ለኪንግ ካውንቲ ምክር ቤት፣ በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለካውንቲው ዋና አስተዳዳሪነት ተመረጡ። ማንም አላሰራቸውም። ወሬውም ብዙ አልተወራም፤ አንድ ጠበቃ ሕግ አውጪ ሆነ፣ በቃ።

ይህን ሁሉ ለዚያ ለኮረንቲው ጓደኛዬ አነበብኩለት። የሰጠኝ መልስ ተገቢ ስለሆነ አልደብቀውም። «አንተ የጻፍከው እኔ ያልኩትን ነው እኮ! ዳኛ ሆነች፣ ሕጉ ተቀየረባት፤ ተመረጠች፣ ታሰረች። ታዲያ ኮረንቲ አይደለም ወይ?» አለኝ። ደግሞም «ምክር ቤት ብትገባስ ፓርቲህ እጅህን አንሣ ሲልህ ታነሣለህ፣ አውርድ ሲልህ ታወርዳለህ፤ ሕግ ማወቅህ ምን ይጨምራል?» ሲል ጨመረ። እውነቱን ነው፤ ያስፈራል። እኔም እፈራለሁ። እናቴ ይህን ጽሑፍ ብታነበው ምን እንደምትለኝ አውቀዋለሁ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ተገዢ ነው ሲል ስለ ፓርቲ ትእዛዝ አያነሣም፤ ግን ወረቀትና ተግባር ለየቅል መሆናቸውን ለሕግ ተማሪ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

የመለስኩለት እንዲህ ብዬ ነው። ኮረንቲ በሩቁ የሚባለው ለማያውቀው ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጓንቱን አጥልቆ ምሰሶ ላይ ይወጣል፤ ካልወጣ ሠፈሩ በጨለማ ያድራል። ሕግ ያጠናን እኛ ከሸሸን ሽቦውን የሚነካካው ማን ሊሆን ነው? እጅ ማንሣትና ማውረድ ብቻ ነው ካልን ደግሞ፣ ሕግ የሚያውቅ እጅ ቢያንስ ምን ላይ እንደወጣ ያውቃል፤ ወጥቶ ሲጠየቅም ማስረዳት አለበት። ጓደኛዬ «ጓንቱን ማን ይሰጠናል?» ብሎ ሳቀብኝ።

እንግዲህ ጓንቱን በተመለከተ ለትምህርት ክፍላችን አንድ ሐሳብ አለኝ። በየዓመቱ ምስለ ችሎት እናካሂዳለን፤ ካባ እንለብሳለን፣ «ክቡር ፍርድ ቤቱ» እያልን እንከራከራለን፣ ቤተሰብ ፎቶ ያነሣናል። ስለ ሕግ ማርቀቅ የሚያስተምረው ምርጫ ኮርስ ግን ተመዝጋቢ አጣ ተብሎ ሁለት ሴሚስተር አልተሰጠም። ምስለ ችሎት ካለን ለምን ምስለ ምክር ቤት አይኖረንም? ክፍሉ በቋሚ ኮሚቴ ተከፍሎ አንድ ረቂቅ አዋጅ ይመርመር፤ አስረጂ ይጠራ፤ አናሳው የልዩነት ሐሳቡን ይጻፍ፤ ድምፅ ይሰጥ። ለመጀመሪያው ስብሰባ አዋጅ ቁጥር 239/1993ን እንደ ረቂቅ ቆጥረን እንድናቀርበው ነው የምጠይቀው። ካለፈ ይለፍ፤ ከወደቀ ይውደቅ።

ይህን የያዘ ማመልከቻ ለክፍል ኃላፊው ጽ/ቤት አስገብቻለሁ። እስካሁን ሰባት ተማሪዎች ፈርመዋል። አዋጁን ደግፎ የሚናገረውን ወገን ለመምራት ማን ፈቃደኛ ነው ብዬ ስጠይቅ መጀመሪያ እጁን ያወጣው ያ የኮረንቲው ጓደኛዬ ነው፤ ከአሁኑ ንግግሩን እያዘጋጀ ነው፣ ሊያሸንፈኝም ይችላል።